በረዶ ጠባቂዎቹና የሰማንያ ቀኗ ሕፃን

ባለቤቴ በአገሩ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። አትላንታ ከመጣን በኋላ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆነ። ይህን የምለው እንድታዝኑለት አይደለም። ያን ጊዜ ሁላችንም አገር ቤት አንድ ነገር ነበርን፣ እዚህ መጥተን ሌላ ነገር ሆንን። እኔ ባንክ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ እዚህ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማላውቃቸውን ሰዎች እናቶች አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ። ልዩነታችን ይህ ነበር፦ እኔ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ ዝም እላለሁ፤ እሱ ጫማውን ሳያወልቅ ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ የቴክሳስን ደመና መገምገም ይጀምራል።

ነገሩ የመጣው ከኬብሉ ጋር ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ክላርክስተን እምንኖርበት አፓርታማ ኬብል ገባ። ሌላው ሰው ፊልምና ኳስ አየበት። ባለቤቴ ግን ሃያ አራት ሰዓት ስለ አየር ጠባይ ብቻ የሚያወራ ጣቢያ አገኘና እዚያው ቀረ። እራት ስናቀርብ ካርታ፣ ቡና ስንጠጣ ካርታ። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወቱ» ይልና ድምፁን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለ ልጅ፣ ስለ ወረቀት ጉዳይ፣ ስለ አገር ጦርነት እየተወራ እሱ በሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ ኦክላሆማን ያያል።

ብቻውን ቢሆን እችለው ነበር። ሁለት ጓደኞች ተጨመሩበት።

አንደኛው የእኛው ሰው ነው፣ ታክሲ ነጂ። አሜሪካ ሲመጣ መጀመሪያ የተላከው ሚኒሶታ ነበር። አንድ ክረምት አሳለፈና መንገዱ እንደተከፈተ ወደ ደቡብ ሸሸ። ያቺ አንዲት ክረምት ግን ዲግሪ ሆነችለት። ስለማንኛውም ብርድ ሲወራ «እናንተ እኮ በረዶ አታውቁም» ይላል። እጁ በጓንት ውስጥ እንዴት እንደደነዘዘ፣ የመኪና በር እንዴት በሙቅ ውሃ እንደሚከፈት ይተርካል። ጆርጂያ ውስጥ በነሐሴ፣ ላብ በጀርባችን እየወረደ፣ የመኪና በር በሙቅ ውሃ ስለመክፈት ሰምተናል።

ሁለተኛው ከታች ያለው አሜሪካዊ ጎረቤታችን ነው። ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በቀኝ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ። ግድግዳው ላይ የአየር ግፊት የሚለካ ባሮሜትር ሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት የተኛ ዘበኛ እንደሚቀሰቅስ በጣቱ መታ መታ ያደርገውና የሚለውን ደብተር ላይ ይጽፋል። ባለቤቴ እንግሊዝኛን የተማረው ከመጽሐፍ ነው፤ ሽማግሌው የሚናገረው የጆርጂያ ገጠር ነው። አንዱ የሌላውን ግማሹን አይሰማም። ይህ ግን ወዳጅነታቸውን ጎድቶት አያውቅም። ካርታው ላይ ሰማያዊ ነገር ሲታይ ሁለቱም እኩል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሦስቱ የሚጠብቁት አንድ ነገር ነበር፣ ብሊዛርድ። በረዶና ነፋስ ተቀላቅሎ መንገድ የሚዘጋ፣ መብራት የሚያጠፋ፣ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚያስቀር። ከተማችን ደግሞ በየክረምቱ የምትሰጣቸው ዝናብ ነበር።

ጥር ነበር፣ ከጥምቀት በኋላ። ሐሙስ ዕለት የቴሌቪዥኑ ሰው ከደቡብ ባሕር የሚመጣ እርጥብ አየርና ከሰሜን የሚወርድ ብርድ ቅዳሜና እሑድ ጆርጂያ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ አለ።

«ይችላሉ ነው ያለው» አልኩ ከኩሽና።

«ሰውዬው ሥራውን እንዳያጣ ነው እንደዚያ የሚለው» አለ ባለቤቴ። «በግልጽ ቢናገር ሕዝብ ይደነግጣል።»

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስቱም እኛ ሳሎን ነበሩ። ሽማግሌው ባሮሜትሩን ከግድግዳ አውርዶ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ደረጃውን ወጣ። ጠረጴዛችን ላይ ሲያስቀምጡት መርፌው ታች ሽማግሌው ቤት ከነበረበት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ተያዩ። ደረጃ ላይ ተንገጫግጮ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ በዚያ ሰዓት ብናገር ግን የሚሰማኝ አልነበረም። ከዚያ ስንት ኢንች ይወርዳል የሚለው ክርክር ተጀመረ። ባለቤቴ ስድስት አለ። ሽማግሌው ስምንት። ባለ ሚኒሶታው አሥራ ሁለት ብሎ፣ «እሱም ነፋሱ ሳይቆጠር ነው» ሲል ጨመረበት።

ያልገባኝ ፊታቸው ነበር። «ሰው ሊሞት ይችላል» ይላል ታክሲ ነጂው፣ ዓይኑ እያበራ። «መብራት ለሳምንት ሊጠፋ ይችላል» ይላል ባለቤቴ፣ የደመወዝ ጭማሪ እንደተነገረው ሰው ድምፁ እየሳሳ። መከራን የሚመኙ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ፣ ግን ለጠላታቸው ነው። እነዚህ ለራሳቸው ሰፈር ነበር የሚመኙት፣ ያውም የእርዳታ ኮሚቴ የሆኑ ያህል ፊታቸው ከብዶ።

ዓርብ ከተማው ራሱ አበደ። ሱፐርማርኬቶች ዳቦና ወተት አለቀባቸው። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ስድስት ጋሎን ወተት ተሸክሞ ገባ።

«ለማን ነው?»

«ለአደጋ ጊዜ።»

«እኛ ወተት መቼ እንጠጣለን?»

ትንሽ አሰበ። «ሁሉም የሚገዛው ወተት ነው» አለ። ይህን ያለው ስለ ንግድ ነፋሳት ለአሥረኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ነው። ሰኞ ጾመ ነነዌ እንደሚገባ አስታወስኩት። ወተቱን ማቀዝቀዣው ውስጥ ደረደረው፤ ሌላ ነገር የሚገባበት ቦታ አልቀረም።

አሁን ወደ ሕፃኗ ልምጣ። ከእኛ ሁለት ሕንፃ አልፎ የሚኖሩ የእኛ ሰዎች ሴት ልጅ ወልደው ነበር፤ ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው በዚያው እሑድ ነው። ክርስትናዋ ተዘጋጅቷል። ያን ጊዜ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም፤ የአሜሪካኖች አዳራሽ ተውሰን፣ ቄስ ከሌላ ስቴት በአውቶቡስ በወር ሁለት ጊዜ እየመጡልን ነበር የምንቀድሰው። ለግብዣው ዶሮ ወጥ እንድሠራ የተመደብኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ዶሮ። «እጅሽ ይጣፍጣል» ብለው ነው የመደቡኝ፤ ይህ አነጋገር ስንት ሴት እንደገደለ አላውቅም። ስድስት ቀን በተከታታይ ሠርቼ ነበር፣ ኦፍ የነበረኝ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

ዓርብ ማታ ባለቤቴ እነርሱ ቤት ሄዶ ብሊዛርድ እንደሚመጣ አስረዳ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። የሕፃኗ አባት ደነገጠ። እንግዶቹ ከኮንየርስና ከሮዝዌል የሚነዱ ናቸው፣ የቄሱም አውቶቡስ መንገድ ላይ ሊቀር ነው። የሕፃኗ አያት ግን አልደነገጡም። በሱዳን በኩል ከልጆቻቸው ጋር የወጡ፣ ብዙ ያዩ ሴት ናቸው።

«ምን ይመጣል ነው የምትለው?» አሉት።

«በረዶ፣ እማማ።»

«በረዶ ምን አለበት? ስንት ሐምሌ ወርዶብን የለም እንዴ? ጣራ ሥር ገብተን እናሳልፈዋለን።»

«ያኛው አይደለም እማማ። ያ ጠጠሩ ነው። ይኼኛው ለስላሳ ነው፣ እንደ ጥጥ።»

አያትየዋ ልጃቸውን አዩት፣ ከዚያ ባለቤቴን። «እንደ ጥጥ ለስላሳ ከሆነ ምን ያስፈራል?»

ለበረዶ አንድ ቃል ብቻ ያለው ቋንቋ የዚያን ማታ ባለቤቴን አዋረደው። ስኖው፣ አይስ፣ ስሊት እያለ እጁን አወናጨፈ። በመጨረሻ የሕፃኗ አባት፣ «አንተ ታውቃለህ፤ ነገ እስከ ቀትር እየው። የሚያሰጋ ከሆነ ለቄሱ ደውልላቸውና ካንስል እናደርገዋለን» አለው። ባለቤቴ ሲወጣ ጀርባው ቀና ብሎ ነበር። አንሶላ ማጠቢያው ውስጥ ማንም ምንም ነገር አንተ ታውቃለህ ብሎት አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ግራጫ ነበር፣ ብርዱ ይቆነጥጣል። ሽማግሌው ከታች ሆኖ ጉልበቱን እያሳየ ራሱን ነቀነቀ፤ ጉልበቱም ትንበያ ይሰጥ ነበር። ባለቤቴ የስልኩን እጀታ አነሳ። አስቀመጠ። መስኮት ጋ ሄደ፣ ተመልሶ አነሳ፣ አስቀመጠ።

«አሁንም ትንሽ እንጠብቅ መሰለኝ» አለ። «የሰሜኑ አየር እንደጠበቅሁት ፈጥኖ አልወረደም።»

እኔ ሽንኩርት ፊት ቆሜ ነበር። አሥራ ሁለቱ ዶሮዎች መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ በረዷቸው እየቀለጠ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ወለሉ ላይ። ሐሙስ «ይችላሉ ነው ያለው» ብዬ የተከራከርኩ ሰው፣ አሁን ከሦስቱም በላይ በብሊዛርድ የማምን ሆኛለሁ።

«ካሁን ካሁን እያልክ ቄሱ ተሳፍረው መንገድ ላይ ሊቀሩ ነው» አልኩና እጄን ጠርጌ ስልኩን ከነገመዱ ይዤ ሄድኩ። ደወልኩ።

«አባታችን፣ ከባድ በረዶ እየመጣ ነው ተብሏል። መንገድ ሊዘጋ ነው፣ ባይመጡ ይሻላል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ቴሌቪዥኑ። ባለቤቴም።»

«እዚህ ፀሐይ ነው ልጄ።»

«እዚህ ጨልሟል» አልኩ። እውነቴን ነው፤ መኝታ ቤት ሆኜ ነው የደወልኩት፣ መጋረጃውም አልተገለጠም ነበር።

ቄሱ፣ «እንግዲያው ፈቃዱ ከሆነ በሁለት ሳምንት እመጣለሁ» አሉ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ለሕፃኗ አባት ሊነግር ወጣ። እኔ ዶሮዎቹን ወደ ፍሪዘር መልሼ ተኛሁ። አሜሪካ ከመጣሁ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ስነሳ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ሦስቱ ሰዎች በረንዳችን ላይ ወንበር አውጥተው፣ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ እንደ ሰርገኛ ይጠብቃሉ። ታክሲ ነጂው ከሁሉ ዘግይቶ ነው የመጣው። በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት የሚታሰረውን የመኪና ጎማ ሰንሰለት ከየት እንዳገኘ አላውቅም፣ ጠዋት አስሮት በደረቅ አስፋልት ላይ ተሳፋሪ ወደ ኤርፖርት ወስዶበታል። ተሳፋሪዋ ጆሮዋን ይዛ ነው አሉ የሄደችው። ሲመለስ አንዱ ሰንሰለት ተበጥሶ ፓራፋንጎውን ገሽልጦታል። እሱ ግን የቆሰለ ወታደር መስሎ ነበር የገባው። «ሚኒሶታ ይኼ የተለመደ ነው» አለ።

አሥር ሰዓት ገደማ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሦስቱም ተነሱ። ባለቤቴ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ክንዱን ከበረንዳው ውጭ ዘረጋና ጠብታዎቹን ተራ በተራ መረመረ።

«ነይ እይ» አለኝ።

«ውሃ ነው።»

«መሃሉን እይው። ፍሬ አለው።»

አየሁት። ፍሬ የለውም። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ አየና ረጅም ነገር ተናገረ፤ ባለቤቴ «ያ፣ ያ» አለው። እኔ በኋላ ሳስበው፣ ሽማግሌው ያለው «ይህ ዝናብ ነው» ይመስለኛል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ዝናቡም አቆመ። እነሱ ግን ከብሊዛርድ በፊት እንዲህ ያለ ጸጥታ እንዳለ ተስማምተው ተቀመጡ።

እሑድ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ፀሐይ ዓይኔን መታኝ። ሣሩ እንኳ ደርቋል። ወፎች ይጮኻሉ። ቴሌቪዥኑ አየሩ ወደ ሰሜን እንደታጠፈና የቴኔሲ ተራሮች ላይ እንደወረደ አሳየ። ሦስቱ ሰዎች ሳሎናችን ተቀምጠው የሌላ ሰው በረዶ አዩ፣ ልጆች ሲንሸራተቱበት፣ አንዲት ሴትዮ ከመኪናዋ ላይ ስትጠርገው። ሳሎኑ ለቅሶ ቤት መሰለ። ታክሲ ነጂው፣ «የእኛ ነበር» አለ። ሽማግሌው ደብተሩን ዘግቶ ባሮሜትሩን አንስቶ ወረደ። ደረጃው ላይ ሲወርድ እግሩን እየጎተተ ነበር፤ ሳልወድ አዘንኩለት።

ከዚያ በመስኮት ቁልቁል ሳይ፣ የሕፃኗ አያት ወጥተዋል። ለክርስትናው ያዘጋጁትን ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው፣ ሕፃኗን ታቅፈው፣ የመኪና ማቆሚያው መሃል ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ እኛ በረንዳ አዙረዋል። አልተሳደቡም፣ አልተጣሩም። እኛ እንድናያቸው ብቻ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ምሳ ሰዓት ሲሆን ገቡ፤ ከምሳ በኋላ ተመልሰው ወጡ። መጋረጃውን ዘጋሁት።

በሳምንቱ ውስጥ ወሬው ተዳረሰ። ባለቤቴ «ሜትሮሎጂ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ከሁሉ የበለጠ የጮኸበት፣ አሥራ ሁለት ኢንች ያለው ታክሲ ነጂ ነው። «እኔ ተጠራጥሬ ነበር» እያለ ለተሳፈረ ሁሉ አወራ። የሕፃኗ አባት ሰላምታ አቆመ። እኔም፣ እንዳልደብቅ፣ ሥራ ቦታ ለሁለት የአገሬ ልጆች ነገሩን ስተርክ በሳቅ ገድያቸዋለሁ። ስልኩ ጋ ስደርስ «ባለቤቴ ለቄሱ ደወለላችሁ» ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ ዕለት ባለቤቴ ሁለት አስታራቂ ሽማግሌዎች ለመነና ቅዳሜ ይቅርታ ሊጠይቅ አያትየዋ ቤት አብረን ሄድን። እኔ ቀሚሴን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። እሱ አያትየዋ እግር ሥር ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው አስነሱት፣ ግን አላስቀመጡትም። ቆሞ ቀረ።

«ሰማንያ ቀን ሰማንያ ቀን ነው» አሉ። «አርባ ስድስት ሌሊት በእግሬ ተጉዤ ያመጣሁት ሃይማኖት፣ በቴሌቪዥን ይቀራል?»

«አጠፋሁ እማማ።»

«ለቄሱ የደወለው ማነው?»

ምንጣፉን አየሁ። ቡኒ ነበር፣ ጥጉ ላይ የወተት ነጠብጣብ ነበረበት። ልናገር አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል፤ ምናልባት አልከፈትኩም።

«እኔ ነኝ» አለ ባለቤቴ።

«አባታችን የሴት ድምፅ ነው ያሉኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳለ፣ ሌላው ወደ ጣራ አየ። «መስመሩ ጥራት አልነበረውም» አለ ባለቤቴ።

አያትየዋ ለረጅም ጊዜ እኔን አዩኝ። ከዚያ፣ «አንቺ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ዶሮውን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

«እሠራለሁ እማማ።»

«ሃያ አራት ይሁን። ሰው ይበዛል።»

ባለቤቴን እንዲቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙት። ይቅርታው አለቀ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ልንነሳ ስንል አያትየዋ፣ በምን አንጀታቸው እንደሆነ አላውቅም፣ «ለመሆኑ የክርስትናው እሑድስ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁት። ባለቤቴ አፉን ከፈተ። «ከምዕራብ የሚመጣ ደመና…» ሲል አንደኛው ሽማግሌ የኮቱን ጫፍ ሳበው።

ሽማግሌዎቹን በመኪና ቤታቸው አድርሰን እየተመለስን ነበር።

«ለምን እሷ ናት አላልክም?» አልኩት።

«ሊመጣ ነው ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ» አለ። ቀይ መብራት ላይ ቆመ። «አንቺ ደግሞ ደክሞሽ ነበር።»

እንዳወቀ የዚያን ጊዜ ገባኝ። ብሊዛርዱን አምኜ ሳይሆን ሽንኩርቱን ፈርቼ እንደደወልኩ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን፣ «ግፊቱ ግን በእርግጥ ወርዶ ነበር» አለ፤ እኔም የተሰማኝ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

ሕፃኗ በዘጠና አራት ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ሃያ አራቱን ዶሮ ሠራሁ፤ ባለቤቴ ከፈረቃው ተመልሶ ሽንኩርቱን እስኪያልቅ ድረስ ላጠልኝ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፣ ሕፃኗ ውሃው ሲነካት ሁሉንም የሚያስቅ ጩኸት ጮኸች። ከማዕዱ በኋላ ታክሲ ነጂው ከቄሱ ጎን ወንበር አገኘና፣ እዚህ አገር ሰው በረዶ እንደማያውቅ፣ የመኪና በር በሙቅ ውሃ እንደሚከፈት አስረዳቸው። ቄሱ በትዕግሥት ሰሙት፤ ጓንቱ ጋ ሲደርስ እንኳ «ወይ ጉድ» አሉ። በረዷ ከሚኒሶታ በማያንሰው ሞንትሪያል ሰባት ዓመት እንደኖሩ የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው።